ቁጥር 60 ብርጭቆ ወረቀት

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ባለ አንድ መዋለ ሕፃናት ነው የማስተምረው። የምነግራችሁ ነገር የሆነውም እዚያው ነው። ስሙን አልጠራም።

በሩ ላይ ያለው ታፔላ «ሞንቴሶሪ» ይላል፤ ልጆች ዕቃ በእጃቸው እየነኩ የሚማሩበት ዘዴ ነው። ባለቤቱ ገንዘብ አውጥቶ አንድ ካርቶን ሙሉ የሞንቴሶሪ ዕቃ ገዝቷል። ከ1 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር እያደጉ የሚሄዱ 10 ሮዝ የእንጨት ኩቦች አሉበት። ዶቃዎች አሉበት። ከብርጭቆ ወረቀት ተቆርጠው ጣውላ ላይ የተለጠፉ የእንግሊዝኛ ፊደላትም አሉበት። ልጁ ፊደሉን በሌባ ጣቱና በመሀል ጣቱ፣ ልክ እንደሚጻፍበት አቅጣጫ ቀስ አድርጎ እየዳሰሰ ድምፁን ይጠራል፤ እርሳስ ከመያዙ በፊት እጁ የፊደሉን መንገድ ያውቀዋል። በጣም የምወደው ዕቃ ይሄ ነው። ግን ሀ ሁ የለውም። አማርኛ እየተናገሩ የሚመጡ ልጆች መጀመሪያ በጣታቸው የሚያውቁት ፊደል ኤ እና ቢ መሆኑ ሁሌም ያንገበግበኝ ነበር።

ከዚያ ስለ ዘዴው መሥራች ስለ ማሪያ ሞንቴሶሪ ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ። ሴትዮዋ ሐኪም ነበረች። እ.ኤ.አ. ጥር 6 ቀን 1907 ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንሶ በሚባል የድሆች ሰፈር የመጀመሪያውን የልጆች ቤት ስትከፍት፣ ቀድሞ ትጠቀምበት የነበረውን ዓይነት የሚያምር የእንጨት ፊደል እንደገና ማሠራት አልቻለችም። ስለዚህ ከወረቀትና ከብርጭቆ ወረቀት ራሷ ቆረጠች። ዛሬ በየአገሩ በውድ የሚሸጠው ዕቃ መነሻው እጦት ነው! እንግዲያው እኔስ ምን ይከለክለኛል አልኩ።

የሕንፃ መሣሪያ ከሚሸጥበት ሱቅ ገባሁ። ልጁ «ስንት ቁጥር ልስጥሽ?» አለኝ። ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር እንዳለው፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ወረቀቱ እንደሚሻክር አላውቅም ነበር። «በደንብ የሚዳሰሰውን» አልኩት። ቁጥር 60 ሰጠኝ።

ሦስት ሳምንት ማታ ማታ ቆረጥኩ። 33 ፊደል በ7 ሆሄ፣ 231 ካርድ። መቀሴ ደነዘዘ። ሰኞ ጠዋት ሁሉንም መደርደሪያ ላይ ደርድሬ ስጨርስ ደስታዬ ወደር አልነበረውም።

አንዲት የ4 ዓመት ልጅ አለች፤ ብዙ አታወራም። ያን ቀን ካርዶቹን ይዛ አልለቅም አለች። በዚህ ዘዴ ልጅ በሥራ ሲመሰጥ አይቋረጥም፤ ጠዋት ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ያልተቆራረጠ የሥራ ጊዜ አለ። እኔም አላቋረጥኳትም። እንዲያውም ለባልደረባዬ «እያት፣ እያት» እያልኩ ከሩቅ አሳያት ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት እናቷ መጣች። ሐይቁ ዳር ዓሣ እየጠበሰች የምትሸጥ ሴት ናት። የልጅቷን እጅ ይዛ «ቲቸር፣ ነይ ይሄን እዪልኝማ» አለችኝ። የሁለቱ ጣቶች ጫፍ ቀልቷል፣ አንደኛው ተልጦ ውኃ አቁሯል። ማታ እንጀራ ስትቆርስ ወጡ ሲነካት አልቅሳለች።

ካርዱን አሳየኋት። በአውራ ጣቷ አንዴ ሳብ አደረገችው። «የኔ እጅ በዓሣ ቅርፊት ደንድኗል፤ እኔን እንኳ ይፍቃል። ይሄ'ኮ አናጢ ሣንቃ የሚፍቅበት ነው፣ እህቴ!»

በዚህ መሀል ባለቤቱ ደረሰና «ዕቃዎቻችን ሁሉ ዓለም አቀፍ ደረጃ ያላቸው ናቸው» አላት። ዝም ብል ይታለፍ ነበር። ግን አልቻልኩም። «እነዚህን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የኔ ነው» አልኩ። 231 ካርድ ቆርጬ አንዱን እንኳ በራሴ ጣት እንደ ልጅ ደጋግሜ አልዳሰስኩም ነበር። እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። በዚህ ዘዴ በወጉ የሚሠለጥን መምህር እያንዳንዱን ዕቃ ለልጅ ከማቅረቡ በፊት ራሱ ደጋግሞ ይለማመድበታል። እኔ ያንን ደረጃ ዘልዬዋለሁ።

ወሬው ወላጆች ጋ ደረሰና ቅዳሜ ስብሰባ ተጠራ። አንድ አባት ተነሥተው «ይሄን ስም የሚቆጣጠር አካል ማነው?» ብለው ጠየቁ። ማንም ሳይመልስ ትንሽ ቆየ። የማውቀውን ተናገርኩ። ሞንቴሶሪ ከልጇ ከማሪዮ ጋር እ.ኤ.አ. በ1929 ያቋቋመችው ዓለም አቀፍ ማኅበር አለ፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱ አምስተርዳም ነው፤ መምህራን ያሠለጥናል፣ ዲፕሎማ ይሰጣል። አሜሪካኖችም እ.ኤ.አ. በ1960 የራሳቸውን ማኅበር መሥርተዋል። ስሙ ግን የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1967 ጉዳዩ ቀርቦ የጋራ መጠሪያ ነው ተብሎ ተወስኗል። ስለዚህ ታፔላ ላይ «ሞንቴሶሪ» መጻፍ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ከመካከላችን ያ ዲፕሎማ ያለው እንደሌለ፣ እያነበብን የምንሠራ መሆናችንንም ነገርኳቸው። ባለቤቱ ፊቱ ጠቆረ። አባትየው ግን «እንዲህ ብትነግሩን'ኮ ከመጀመሪያውም እናግዛችሁ ነበር» አሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም የተረፈ ኮምፔንሳቶ ይዘው መጡ።

ካርዶቹን በሙሉ አነሣሁ። 60፣ 120 እና 220 ቁጥር ወረቀት ገዝቼ ከባልደረቦቼ ጋር ዓይናችንን ጨፍነን ለየብቻ ዳሰስናቸው። 220 ይበቃል። ልጆቹ ከመጀመራቸው በፊት ጣታቸውን ለብ ባለ ውኃ ይታጠባሉ፣ ቆዳው ነቃ ይላል፤ ከዚያ ሳይጫኑ ነው የሚዳስሱት። ፊደሉንም በአንዴ አልዘረግፈውም። ሁለት ወይም ሦስት ብቻ አቀርባለሁ፦ «ይሄ በ ነው፣ ይሄ ተ ነው።» ቀጥሎ «ተ የቱ ነው?» መጨረሻ ላይ ብቻ «ይሄስ ማነው?» ይሄን ባለሦስት ደረጃ አቀራረብ ሞንቴሶሪ የወሰደችው ሴጌን ከሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ነው።

ያቺ ልጅ ግን ካርድ አልነካም አለች። ገና ያማት ነበር። መፍትሔውን ያመጡት ሞግዚታችን ናቸው፤ እማማ ነው የምንላቸው። «ወንድሞቼ የኔታ ዘንድ ፊደሉን በስንደዶ ነበር የሚጠቁሙት፤ እቤት ሲመጡ ግን አፈር ላይ በጣታቸው ይጽፉልኝ ነበር» አሉ። አሸዋ በወንፊት ነፍተው፣ አጥበው፣ አድርቀው በሰፊ ትሪ አመጡላት። በዓለም ያሉ የሞንቴሶሪ ክፍሎችም የአሸዋ ትሪ ይጠቀማሉ። እማማ ይህን ከማንም አልሰሙም።

ልጅቷ መጀመሪያ አሸዋውን እየበተነች ብቻ ተጫወተች። ተውኳት። በሦስተኛው ቀን ቀ ጻፈች። በሳምንቱ ረ ጨመረች። ከዚያ «ሰ»ን ጻፈችና ቆመች፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ «ሶ እንዴት ነው?» አለችኝ። ከገባች ጀምሮ ለኔ የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር። የ«ሰ»ን ቀኝ እግር አሳጠርኩላት። እሷም ጠረገችና ሦስቱንም እንደገና ጻፈች፦ ቀረሶ። እናቷ በየቀኑ የምትጠብሰው ዓሣ ነው።

ትሪውን ማንም እንዳያነቃንቀው ብላ እናቷ እስክትመጣ ድረስ አጠገቡ ተቀመጠች።