ከደረጃው ሥር ሆኜ ያስገባሁት ማመልከቻ

ዛሬ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ የነዋሪነት መታወቂያዬ ታደሰልኝ። ለብዙ ሰው የግማሽ ቀን ጉዳይ የሆነው ነገር እኔን አንድ ወር ሊሞላ ጥቂት ቀናት እስኪቀሩት ድረስ አመላልሶኛልና፣ ሳልረሳው በዝርዝር ላሰፍረው ወደድኩ።

የምኖርበት ወረዳ ጽሕፈት ቤት መታወቂያ የሚሰጠው አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ወደዚያ የሚወስደው 22 ደረጃ ያለው መወጣጫ ብቻ ሲሆን ሊፍትም ሆነ ለዊልቸር የሚሆን ራምፕ የለውም። በመጀመሪያው ቀን ጥበቃው እንዳየኝ ሁለት ወጣቶችን ጠራና «እህቴ፣ አታስቢ፣ ተሸክመን እናወጣሻለን» አለኝ። ቅንነቱን ለአፍታም አልተጠራጠርኩም። ሆኖም የመጀመሪያ መታወቂያዬን ያወጣሁበት ቀን ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ ወደ ቀበሌው ፎቅ የወጣሁት በወንድሜ ጀርባ ታዝዬ ነው፤ በአንድ እጄ አንገቱን፣ በሌላው እንዳይገለጥብኝ የቀሚሴን ጫፍ ጨብጬ ነበር። የተሰለፉት እናቶች «እግዚአብሔር ይማርሽ» እያሉ መንገድ ለቀቁልኝ። ምርቃታቸውን የምጠላ ሰው አይደለሁም፤ ግን የሄድኩት እንደ ማንኛውም የ18 ዓመት ወጣት መታወቂያ ላወጣ እንጂ ታምሜ አልነበረም። ስለዚህ ጥበቃውን አመስግኜ፣ አልወጣም አልኩት።

አንዲት ሠራተኛ ፎርሙን ይዛልኝ ወረደችና አጠገቤ ቆማ አስሞላችኝ። ፎቶና የጣት አሻራ የሚወሰደው ግን ከኮምፒዩተሩ ጋር በገመድ በተያያዘ መሣሪያ ስለሆነ፣ ልትረዳኝ እየፈለገች ከዚያ በላይ ልታደርግልኝ የምትችለው ነገር አልነበረም። የአንድ ሠራተኛ ደግነት የት ላይ እንደሚያበቃ የዚያን ቀን በደንብ ገባኝ። ከደግነቷ በተጨማሪ የሚያስፈልገው መሥሪያ ቤቱ ራሱ አስቦ የሚያዘጋጀው ነገር ነበር።

ማታ ማመልከቻ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት «ችግሬን ተመልክታችሁ እንድትተባበሩኝ በትሕትና እለምናለሁ» የሚል ነበር። እጄ ይህን የጻፈው ሳያስብ ነው፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ማመልከቻ ሲጻፍ ያየነው እንደዚህ ነውና። ደጋግሜ ሳነበው ግን ቃሉ ከበደኝ። ትብብር የሚጠየቀው ሰጪው ቢሰጥም ቢከለክልም ለማይጠየቅበት ነገር ነው። እኔ የምጠይቀው ደግሞ በሕግ የሰፈረ ጉዳይ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ማንኛውም ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚያመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ስታጸድቅ፣ ተመጣጣኝ ማመቻቸትን፣ ማለትም አካል ጉዳተኛው ከሌላው እኩል እንዲገለገል ከአቅም በላይ ያልሆነ ማስተካከያ ማድረግን፣ መንፈግ አድልዎ መሆኑን አብራ ተቀብላለች፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 9 የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። ስለዚህ ያን ወረቀት ትቼ በአዲስ ጀመርኩ። «ጉዳዩ፦ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግልኝ ስለመጠየቅ» አልኩና፣ ከታች ልመናውን አውጥቼ «እጠይቃለሁ» ብዬ ጻፍኩ። አክብሮቱን ግን አልቀነስኩም።

ከቃሉ ይልቅ ጊዜ የወሰደብኝ የምፈልገውን ነገር ለይቶ ማስቀመጡ ነው። «ሁኔታዎች ይመቻቹልኝ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ተቀባዩ ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅምና ወረቀቱ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲመራ ይኖራል። ስለዚህ በሳምንት በታወቁ ቀናት አንድ ኮምፒዩተር ከአሻራ መሣሪያው ጋር ምድር ቤት እንዲቀመጥ፣ ይህም ግድግዳው ላይ በተለጠፈው የዜጎች ቻርተር ውስጥ እንዲጻፍ፣ መልሱም በደብዳቤ እንዲሰጠኝ ጠየቅኩ። ቻርተሩ እያንዳንዱ አገልግሎት ስንት ደቂቃ እንደሚወስድና ምን ማስረጃ እንደሚጠይቅ ይዘረዝራል፤ ደረጃ መውጣት የማይችል ሰው በየት በኩል እንደሚስተናገድ ግን አንድ መስመር የለውም። መዝገብ ቤቱ ደግነቱ ምድር ላይ ስለሆነ ማመልከቻውን ራሴ አስገብቼ፣ በእጄ በቀረው ግልባጭ ላይ ቁጥርና ማኅተም አስመታሁ። ያ ግልባጭ ባይኖረኝ ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት «እንዲህ ያለ ማመልከቻ አልደረሰንም» ስባል መልስ አይኖረኝም ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ኃላፊው ራሳቸው ወርደው አነጋገሩኝ። «እህቴ፣ ሕንፃው እኮ የኪራይ ነው፤ በጀትም የለንም» አሉኝ። ውሸት አልነበረም። እኔም ሊፍት ይሠራልኝ እንዳላልኩ፣ የጠየቅኩት አንድ ጠረጴዛና አንድ ኮምፒዩተር መሆኑን ማመልከቻውን እያሳየሁ አስረዳኋቸው። «ተመጣጣኝ» የሚለውን ቃል የምወደው ለዚህ ነው፤ እኔን ከደጅ እንዳልመለስ ሲጠብቀኝ፣ እርሳቸውንም ከአቅማቸው በላይ አያስገድዳቸውም። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና የመዝገብ ቤቱን ጥግ በዓይናቸው ለኩ።

ዛሬ ጠረጴዛው እዚያው ጥግ ላይ ነበር። ያቺው ሠራተኛ አሻራዬን ልትወስድ ስትሞክር መሣሪያው እምቢ አለ። የዊልቸሬን ጎማ ስገፋበት የኖርኩበት አውራ ጣቴ ጠንክሮ መስመሩ ጠፍቷል። «ቆይ፣ እህቴ» ብላ መሐረቧን በውኃ አረጠበችና ጣቴን ቀስ ብላ ጠረገችልኝ፤ አራት ጊዜ ሞክረን በአምስተኛው ተነበበ። ጠረጴዛው ከዊልቸሬ ክንድ ጋር እኩል ስለነበር እጄን ያለማንም ድጋፍ አሳርፌ ፈረምኩ።

መታወቂያዬን ከተቀበልኩ በኋላ የደብዳቤውን መልስ ጠየቅኩ። ኃላፊው «ተስተናገድሽ አይደል፣ ወረቀቱ ለምን ያስፈልግሻል?» አሉኝ። እርሳቸው ነገ ወደ ሌላ ወረዳ ሊዛወሩ እንደሚችሉ፣ ኮምፒዩተሩም ወደ ፎቁ ሊመለስ እንደሚችል ነገርኳቸው። ቻርተሩ ላይም መስመሩ ገና አልተጨመረም። አልተቆጡም፤ የማመልከቻዬን ቁጥር ማስታወሻቸው ላይ ጽፈው ሐሙስ ጠዋት ተመለሺ አሉኝ። ግልባጩን ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ከትቼዋለሁ፤ ሐሙስ እሄዳለሁ።