ግንቡ ላይ ከእማዬ ጋር

እማዬ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ከመጣች ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። ቤት መዋል ሰልችቷታል። "ፀሐይም እዚህ አገር በራሽን ነው እንዴ?" አለችኝ አንድ ቀን። ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ መኪና ተከራይተን ጣልያን አገር ወዳለችው ቶስካና ወረድን። ግንብ ያላቸው የድሮ ከተሞች እንይ ያልኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ የፈለገችው ባሕር ነበር፤ እስካሁን ታነሳብኛለች።

እማዬ ጣልያን ስላት ፊቷን አጨማደደች። አባቷ አርበኛ ነበሩ። ጭናቸው ላይ የነበረውን የጥይት ጠባሳ በልጅነቷ ስትነካካ ነው ያደገችው።

ሳን ጂሚኛኖ ቆንጆ ናት፣ ግን ሰው በሰው ነው። የጥንት ባለጸጎች እየተፎካከሩ ሰባ ያህል ማማ አቁመውባት ነበር ይባላል፤ አሁን 14 ቀርተዋል። እማዬ ቀና ብላ አየቻቸውና "ጎረቤት ካልበለጡ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር ማለት ነው" አለች። አይስክሬም በልተን ወጣን።

ሞንተሪጆኒ ደግሞ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች ዘውድ ትመስላለች። ግንቧ ዙሪያውን ቢለካ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ቢሆንም በአንዱ በር ገብታ በሌላው ወጣችና "አለቀ?" አለችኝ።

"አለቀ።"

"ማንን ፈርተው ነው ይሄን ሁሉ ድንጋይ የከመሩት?"

"ፍሎረንሶችን። የሠሯት የሲየና ከተማ ሰዎች ናቸው፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ።"

"ፍሎረንስም ጣልያን አይደል እንዴ?"

ያኔ ጣልያን የሚባል አንድ አገር እንዳልነበረ ነገርኳት። ዝም አለች። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ነው "አባዬ ይሄን ቢሰማ" ያለችው።

(በነገራችን ላይ፣ መኪና ይዛችሁ የድሮ ከተማ ውስጥ ዘው አትበሉ። ካሜራ አለ። የኛ ቅጣት ቤታችን ድረስ መጥቶልናል።)

የወደድኩት ሉካ የምትባለዋን ከተማ ነው። ግንቡ ከአራት ኪሎ ሜትር በላይ ይዞራል፤ አናቱ ሰፊ መንገድ ነው፣ ዛፍ ተተክሎበታል። ከመቶ ዓመት በላይ ለፍተው ሠርተውት አንድም ጦር መጥቶ አልከበበውም። ትልቁ ውለታው እንደ ፈረንጆች በ1812 ወንዙ ሲሞላ በሮቹ ተዘግተው ጎርፉን መመለሱ ነው። አሁን ሰው ይሮጥበታል፣ ውሻውን ያናፍስበታል።

እኛም ባለ አራት ጎማ ብስክሌት ተከራየን። እማዬን ፊት አስቀመጥን፤ ነጠላዋን ተከናንባ እንደ ንግሥት። ግማሽ እንደዞርን አንድ ነገር ቋ አለና ፔዳሉ በባዶ ይሽከረከር ጀመር። አግዳሚ ወንበር ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው መጡ፣ ጎንበስ ብለው አዩና "ላ ካቴና!" አሉ።

እማዬ ክው አለች። "ካቴና? ምን አጠፋን?"

የብስክሌቱን ሰንሰለት ማለታቸው እንደሆነ እስካስረዳት ድረስ ባለቤቴ በሳቅ ሞታለች። ሽማግሌው ሰንሰለቱን በጣታቸው እየጎተቱ ጥርሱ ላይ መለሱት። እጃቸው በግራሶ ጠቆረ። እማዬ ከቦርሳዋ ሶፍት አውጥታ ሰጠቻቸውና በአማርኛ መረቀቻቸው። ከዚያ እጇን ዘረጋች። እሳቸውም መዳፋቸውን አጥፈው፣ ልክ እንደኛ ሰው፣ አንጓቸውን ሰጧት።