«ሺየን» የምትል አንዲት ቃል አንድ ዓመት በላችብኝ

የማስተርስ ጽሑፌን የሠራሁት ቻይና ሄጄ፣ በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (ከ7ኛው እስከ 10ኛው ክፍለ ዘመን) በተጻፉ ድርሰቶች ላይ ነው። ስኮላርሺፑ፣ ቪዛው፣ የመጀመሪያው ዓመት የቋንቋ ትምህርት ያን ያህል አላስቸገሩኝም። ያቃጠለኝ ርዕሱ ነው።

ርዕሴ «የማይሞቱ ልጃገረዶች በታንግ ሥነ ጽሑፍ» የሚል ነበር። ቻይንኛው «ሺየን» ይላል። መዝገበ ቃላት ገለጥኩ፤ ተራራ ላይ የሚኖሩ፣ ሞት የማይነካቸው ፍጡሮች ናቸው ይላል። በቃ፣ ነገሩ ሃይማኖት ነው ብዬ ስለ ዳኦ እምነት፣ ስለዚያ ጥንታዊ የቻይና ሃይማኖት፣ 47 ገጽ ጻፍኩ። በማስታወሻዬ ላይ እንዲያውም «መልአክ» እያልኩ ነበር።

ከዚያ የታንግ ዘመን ደራሲው ጂያንግ ፋንግ የጻፈውን የሁዎ ሺያኦዩን ታሪክ አነበብኩ። ሺያኦዩ የታንግ ዋና ከተማ የቻንግአን ኮማሪት ናት። ኮማሪት ያልኳት አስቤበት ነው። ትዘፍናለች፣ ግጥም ታውቃለች፣ እንግዳ ታስተናግዳለች፤ ሌላውን ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ደላላዋ ወጣቱን ባለቅኔ ሊ ዪን ስታግባባው፣ ከሰማይ ተባርራ ወደ ምድር የወረደች ሺየን አለች፣ ገንዘብም አትፈልግም ትለዋለች። በመጀመሪያው ሌሊት ግን ልጅቷ እያለቀሰች፣ እኔ የኮማሪት ቤት ልጅ ነኝ፣ ለአንተ እንደማልመጥን አውቃለሁ አለችው።

እዚህ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት። ሺየን ያለቻት ደላላዋ ናት! ልጅቷማ ማን እንደሆነች አሳምራ ታውቃለች።

ወደ ኋላ ተመልሼ ሳነብ ነገሩ በየቦታው ነበር። ሌላው የታንግ ደራሲ ዣንግ ዡዎ በጻፈው ታሪክ፣ መንገደኛው «የሺየን ዋሻ» ገብቶ ከሴቶቹ ጋር ይጠጣል፣ ግጥም ይቀባበላል፣ አብሮ ያድራል፣ ሲነጋ ይሄዳል። ታሪክ ጸሐፊው ቼን ዪንኬ፣ በታንግ ዘመን ቃሉ ለኮማሪቶች ጭምር ይባል እንደነበር አስቀድሞ ጽፎታል። ቀድሜ እሱን ባነብ ኖሮ! በእኔ እምነት ቃሉ ለወንዶቹ ተመችቷቸዋል። ከሰማይ የመጣችን ሴት ማንም አግባት አይልህም። ትተሃት ብትሄድም ሕልም ነበር ትላለህ።

ርዕሱን ላስተካክል ወደ ድኅረ ምረቃ ቢሮው ሄድኩ። ጊዜው አልፏል አሉኝ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ሦስቴም ያው መልስ። ፎርሙን ያስፈረሙኝ እኮ ገና አምስት ድርሰት እንኳ ሳላነብ ነው። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። መመሪያው ርዕስህን ቀድመህ አጥብብ ይላል። እኔ ደግሞ በተቻለህ መጠን ሰፊ አድርገህ ሙላ እላለሁ። መዝገበ ቃላቱንም ከድርሰቱ በኋላ ግለጠው።

ሊ ዪ ለሹመት ከከተማ ሊወጣ ሲል ሺያኦዩ አንድ ነገር ለመነችው። እሷ 18 ዓመቷ ነው፣ እሱ 22። ሠላሳ እስኪሞላህ 8 ዓመት አለ፣ እሱን ብቻ ስጠኝ፤ ከዚያ የትልቅ ሰው ልጅ አግባ፣ እኔ ፀጉሬን ቆርጬ እመነኩሳለሁ አለችው። እሺ ብሎ ማለላት። ከዚያ ሌላ አጨ። እሷ ታመመች፤ እሱን ለማፈላለግ ገንዘብ ስታጣ ጄድ ከሚባል የከበረ ድንጋይ የተሠራ የፀጉር ጌጧን ልትሸጥ ላከች። ጌጡን የሠራው ሽማግሌ መንገድ ላይ አይቶ የእጁን ሥራ ለየው፣ ታሪኳን ሲሰማም አለቀሰ።

ያ የ8 ዓመት ልመና በጽሑፌ ውስጥ ያለው በአንድ የግርጌ ማስታወሻ ነው። «ከርዕሱ ውጭ ነው» ተብሎ። ዝም ብዬ መቀበሌ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።