አራት ጡረታና አንድ ሲም ካርድ

ለንደን 14 ዓመት ሠርቼ ጎንደር ስመለስ አራት ጡረታ ይዤ ነው የገባሁት። አራት ስል ሀብታም እንዳልመስላችሁ። አንዱ ቢሮ ሳጸዳ የተጠራቀመ ነው። አንዱ አረጋውያን መጦሪያ፣ አንዱ ሱፐርማርኬት፣ የመጨረሻው የመንግሥት ትምህርት ቤት ማዕድ ቤት።

ማራኪ ሰፈር ያለች ጎረቤቴ ይህን ስትሰማ «አንድ ሰው ስንቴ ነው ጡረታ የሚወጣው?» ብላ ሳቀችብኝ። ብትስቅም አይፈረድባትም። እዚህ የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆንሽ አሠሪው 11፣ አንቺ 7 በመቶ ታስገባላችሁ። መሥሪያ ቤት ብትቀይሪም ገንዘቡ የሚሄደው እዚያው አንድ ቋት ነው። እንግሊዝ ግን እያንዳንዱ ቀጣሪ የራሱን የጡረታ ኩባንያ ይመርጣል። በፈረንጆቹ ከ2012 ጀምሮ፣ ከትልልቆቹ ተነሥቶ፣ ቀጣሪዎች ሠራተኛውን በራሳቸው እንዲያስመዘግቡ ግዴታ ሆነ። እኔ ሥራ በቀየርኩ ቁጥር አዲስ ፋይል ይከፈታል፣ አሮጌው ይረሳል። ደብዳቤው ድሮ በተከራየሁበት ቤት በር ሥር ሲገባ ኖሯል። ከትምህርት ቤቱ በቀር ሦስቱ በየዓመቱ የአገልግሎት ክፍያ ይቆርጣሉ፤ ስለዚህ ወደ አንድ ልሰበስባቸው ተነሣሁ።

መጀመሪያ የደመወዝ ወረቀቶቼን ከሻንጣ አወጣሁ። የጽዳቱን ኩባንያ ጡረታ ማን እንደያዘው ጠፍቶኝ ነበር። የጠፋ ጡረታ የሚያፈላልግ የእንግሊዝ መንግሥት አገልግሎት አለ፤ በነፃ ነው። ስንት ብር እንዳለሽ አይነግርሽም፣ የማንን በር እንደምታንኳኪ ግን ይጠቁምሻል።

ቀጥሎ የስም ጣጣ መጣ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ ጋ የአባቴ ስም የቤተሰብ ስም ሆኗል፣ ሌላው ጋ የአያቴ። የራሴም ስም አንዱ ጋ በአንድ ኤስ፣ ሌላው ጋ በሁለት ኤስ ተጽፏል። የልደት ቀኔን ደግሞ የጽዳቱ ኩባንያ ጃንዋሪ 1 ብሎ ሞልቶታል። በኮምፒውተሩ ዓይን ሦስት ሴቶች ነኝ። ሦስቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ለማሳመን ፓስፖርቴን በጠበቃ አስመስክሬ ላክሁ፣ አራት ወር ፈጀ።

አዲስ ኩባንያ ጋ አልሄድኩም። እንግሊዝ ለማይኖር ሰው አዲስ ሒሳብ የማይከፍቱ ብዙ ናቸው። ስለዚህ የሱፐርማርኬቱን፣ ክፍያው ከሁሉም የሚያንሰውን፣ መሰብሰቢያ አደረግሁት። ዝውውሩን የሚጠይቀው ተቀባዩ ኩባንያ ነው፤ አንቺ የድሮውን የፋይል ቁጥር ብቻ ትሰጫለሽ።

የትምህርት ቤቱን ግን አልነካሁትም። እሱ የተጠራቀመ ክምር አይደለም። ለሠራሁበት ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያን ዓመት ደመወዝ ከ49 አንድ እጅ፣ ዕድሜዬ ሲደርስ በየዓመቱ እስክሞት ይከፈለኛል። ከኑሮ ውድነቱ ጋርም ያድጋል። ይህን ወደ ሌላ ማዛወር ቤት ሸጦ ድንኳን መግዛት ነው። ዋጋው ከ30 ሺህ ፓውንድ ካለፈ ደግሞ ፈቃድ ያለው አማካሪ ሳያነጋግሩ ማውጣት አይቻልም። «አሁኑኑ በእጅሽ እናስገባልሻለን» የሚል ሰው ከደወለ ሌባ ነው፣ ዝጉት። የተጠራቀመውን ዓይነት እንኳ ከ55 ዓመት በፊት አይነኩትም፤ በፈረንጆቹ ከ2028 ጀምሮ 57 ይሆናል።

እናቴ ነገሩን ስነግራት አልጣማትም። እሷ ሦስት እድር አላት፤ የሰፈሩ፣ የደብሩና የድሮ መሥሪያ ቤቷ። «አንዱ ቢፈርስ ሌላው ይቀብረኛል» ትላለች። ምን ብዬ ልመልስላት? የእሷም ሒሳብ ሒሳብ ነው።

የመጦሪያ ቤቱ ገብቶልኛል። የጽዳቱ የቀረው የመጨረሻው ማረጋገጫ ነው። ኮዱ የሚላከው በለንደኑ ቁጥሬ ነው፣ ሲሙ እህቴ ጋ ነው፣ እሷ የሌሊት ፈረቃ ናት። ትናንት ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብዬ ደወልኩላት። ኔቱ ሲመጣ እሷ ተኝታለች፣ እሷ ስትነቃ ኔቱ ሄዷል። አንዴ ተገናኘን፤ ቁጥሩን አንብባልኝ ሳትጨርስ ኮዱ ተቃጠለ። እሑድ ዕረፍት ናት፣ እንደገና እንሞክራለን።