አባባ፣ የቃኘው ሰው

ዛሬ የአባባ አርባ ነበር። አያቴን ሰፈሩ ሁሉ አባባ ነበር የሚለው። ድንኳን ውስጥ ጠላ እየቀዳሁ ስዞር የወሬው ግማሽ ስለ ኮሪያ ነው። ለኮሪያ ጦርነት በተላከው የኢትዮጵያ ጦር፣ በቃኘው ሻለቃ ውስጥ ነበራ!

የመጀመሪያው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነስቶ ነው የሄደው። አባባ የዘመተው በኋለኛው ዙር ነው። በጠቅላላው ከስድስት ሺህ በላይ ዘምተው ከ120 በላይ እዚያው ወደቁ። እሱ ግን ስለ ተኩሱ ብዙ አያወራም። ስለ ብርዱ ጠይቁት፣ ያኔ አያቆምም። አንድም ኢትዮጵያዊ አለመማረኩንም ሳይናገር አይውልም።

እኔ የማውቀው አባባ ደግሞ የጫማው አባባ ነው። እሁድ ማታ የልጅ ልጆቹን ጫማ በቁመት ያሰልፋል። በአሮጌ ካልሲ ቀለም ይቀባል፣ እፍ ይላል፣ ይወለውላል። ተረከዙን የዘለለ ልጅ ወዮለት! እናቶቻችን እንኳ እንዲህ አልደከሙልንም፣ እውነቱን ለመናገር።

ዛሬ እማማ አዲስ ነገር ነገረችን። በደርግ ጊዜ፣ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ፣ ኮሪያ ዘምቻለሁ ማለት ያስፈራ ነበር። እሷ ሜዳሊያውን በጨርቅ ጠቅልላ በርበሬ ዕቃ ውስጥ ቀበረችው። ፍተሻ ቢመጣም የሚያስነጥስ እንጂ የሚያሳስር አይገኝም ብላ። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ፣ ለቅሶ ቤት መሆኑም ተረሳ።

አሁን ሜዳሊያው ለማን ይሁን የሚለው ክርክር ተጀምሯል። አጎቶቼ ከወዲሁ ተኮራርፈዋል። እማማ ግን፣ "እኔ ሳልሞት ማንም አይነካውም" ብላ ዘግታዋለች።