ቁልቁለቱ ባትሪ ይሞላል

ዛሬ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የወረድኩት በኤሌክትሪክ ሚኒባስ ነው። ደግነቱ ጋቢና ደርሶኛል።

ጣሊያን የቆፈረውን የጣርማበር ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ስንይዝ ዓይኔ የባትሪው ፐርሰንት ላይ ተተከለ። ይቀንሳል ስል ጭራሽ ይጨምራል! ሹፌሩን ጠየቅኩት።

«እግሬን ሳነሳ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፤ ሞተሩም ጄኔሬተር ይሆናል። ባትሪውን ይሞላል፣ መኪናውንም ይይዝልኛል» አለኝ።

ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። በዚያ ሁሉ ጥምዝምዝ ፍሬን ብዙም አልነካም። የለመድነው የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ የለም (የፊታችን አይሱዙ ግን አላሳፈረንም)።

ሽቅቡ ሌላ ጉዳይ ነው። ቁልቁለቱ የሰጠው ለመውጣት አይበቃም፤ ከፊሉ በመንገድ ይባክናል። የደብረ ብርሃን ብርድም ለባትሪ ጠላት ነው፤ በቅዝቃዜ ቶሎ ይወርዳል። እኔን ብትጠይቁኝ ፈጣን ቻርጀር መጀመሪያ መተከል ያለበት ሸዋ ሮቢት ነው፤ ዳገቱ ሳይጀመር።

ሒሳብ በቴሌብር ከፈልን። ረዳቱ ግን ያው ረዳት ነው፦ «ከኋላ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ብቻ!»