የብሽሽቴ ባይፓስ፦ ደሙ ቶሎ መጣ፣ ቁስሉ ነው የፈተነኝ

መጀመሪያ ባቴን ነበር የሚይዘኝ። ስሄድ ይጨመድደኛል፣ ስቆም ይለቀኛል። በኋላ ሌሊት ጣቶቼን ያቃጥለኝ ጀመር። እግሬን ከአልጋው ወደ ታች ሳንጠለጥል ብቻ ነው ፋታ የማገኘው። የቁርጭምጭሚቴ የደም ግፊት ከክንዴ ጋር ሲነጻጸር ከ0.4 በታች ሆኖ ተገኘ፤ ጤናማ ሰው 1 ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ነው። ወደ እግሬ ደም የሚያወርደው ቧንቧ ተዘግቷል ማለት ነው። ስኳር አለብኝ፣ ለዓመታትም አጭሻለሁ።

ምርጫው ሁለት ነበር፦ የጠበበውን ቧንቧ ውስጡ በሚነፋ ትንሽ ፊኛ ማስፋት፣ ወይም ከብሽሽት እስከ ጉልበት በታች ባይፓስ፤ ማለትም ለደሙ ተለዋጭ መንገድ መክፈት። እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፦ «ለተለዋጩ መንገድ የራሴ ደም መልስ (ደም ወደ ልብ የሚመልሰው የእግር ሥር) ይሆናል?» በአልትራሳውንድ ለኩት፤ ይሆናል ተባልኩ። በ2022 የወጣ ቤስት ሲኤልአይ የሚባል ትልቅ ጥናት፣ ጥሩ ደም መልስ ላለው ሰው ባይፓሱ እንደሚሻል አሳይቷል። በ2023 የወጣው ባዚል 2 ደግሞ ከጉልበት በታች ለተዘጋባቸው ፊኛውን አስበልጧል። ስለዚህ «ለሁሉም ባይፓስ ነው» የሚላችሁን አትመኑ።

እኔ ባይፓሱን አደረግሁ። ከቀዶ ጥገናው ስነቃ እግሬ ሞቋል። የሌሊቱ ሕመም እዚያው ቀረ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያበጠው እግሬ ግን ለመጉደል ወራት ፈጀበት።

ዋናው ፈተና ብሽሽቴ ላይ ያለው ቁስል ነበር። ቦታው ይታጠፋል፣ ያልበዋል፣ ሊምፍ የሚባለው የሰውነት ፈሳሽ የሚሄድበት መስመርም ስላለ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ያፈሳል። ስኳርና ውፍረት ሲጨመርበት መመርቀዙ ቅርብ ነው። በየቀኑ አጥቤ በደንብ አደርቀውና እጥፋቱ ውስጥ ደረቅ ጎዝ አደርጋለሁ። ዝቅ ያለ ሶፋ ላይ ተጣጥፎ መቀመጥ ቀረ፤ ጠያቂ ሲመጣም ከተጋደምኩበት አልነሳም። ጠያቂ ደግሞ ስኳር የበዛበት አጥሚት ይዞ ነው የሚመጣው! ባለቤቴ እየተቀበለች ለጎረቤት ልጆች ታድለው ነበር።

የተተከለ ደም መልስ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት ምንም ሳያሳምም ሊጠብ ይችላል። የእኔም ታችኛው መጋጠሚያው ላይ ጠቦ የተገኘው በቀጠሮ አልትራሳውንድ ነው፤ ሳይዘጋ በፊኛ ተከፈተ። ደህና ነኝ ብዬ ቀርቼ ቢሆን ማን ያውቅልኝ ነበር? አስፕሪንና ስታቲን (የኮሌስትሮል መድኃኒት) በየቀኑ እወስዳለሁ። ሲጋራውን ትቻለሁ፤ የሚያጨስ ሰው ባይፓሱ የመዘጋት ዕድሉ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው።

አሁን ገበያ ደርሼ ሳልቆም እመለሳለሁ። ደም መልሱ የወጣበት ከጭኔ ወደ ታች ያለው ቆዳ ግን አሁንም ደንዝዟል። ሐኪሜ ነርቩ ስለተነካ ነው፣ ላይመለስ ይችላል ብሎኛል።